ትጓደድና ሰዓቷን የማትስት ትንኝ

የትጓደድን ሞት የሰማሁት ዳባት ላይ፣ አፌን ከፍቼ ነው። በድንጋጤ የከፈትኩት እንዳይመስላችሁ። አብራኝ ያረጀች አንዲት መንጋጋ ክፉኛ ስላወከችኝ ላስነቅላት ሄጄ፣ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ፣ ጥጥ ጎርሼ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ጥርስ ነቃዩ ወጣት ነው፤ ሽማግሌ ያከብራል። «አባባ፣ ላንሣልዎት?» አለና አንሥቶ ጆሮዬ ላይ ደገነልኝ። ደዋዩ የድሮ የሥራ ባልደረባችን ነበር።

«ጋሽ ታከለ፣ ትጓደድ ዐረፈች።»

«እ።»

«ታማ እንደ ነበር ሰምተዋል መቼም። ቀብሩ ነገ ደባርቅ ነው።»

«እ።»

ዘጋው። በኋላ እንደ ደረሰኝ ወሬ ከሆነ «ታከለ አልቆለታል፤ መርዶ ነግሬው እንደ ሕፃን ‹እ› ብቻ አለኝ» ብሎ አውርቶብኛል። በማግሥቱ ጉንጬ ዳቦ አህሎ ቀብር ደረስኩ። ለቀስተኛው ፊቴን እያየ «ምን ያህል ቢያለቅስ ነው እንዲህ ያበጠ!» ብሎ ከንፈሩን መጠጠልኝ። ባልሠራሁት ሥራ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ስላልሆነ ዝም ብዬ ተቀበልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩትን ግን ማንም አላየልኝ።

ሾፌር ነበርኩ። የወባ ሥራ ሰዎችን ከደባርቅ ሊማሊሞን አውርጄ ዛሪማ፣ ከዛሪማ መልሼ ደባርቅ ሳመላልስ ነው ለጡረታ የበቃሁት። ከሞተሩ ጩኸት ብዛት አንደኛው ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ብዙ ባለሙያ ከጎኔ ተቀምጧል፤ አብዛኛው ሊማሊሞን ስንወርድ ዓይኑን ጨፍኖ ጸሎት ያደርሳል። ትጓደድ ግን ገደሉን እያየች ታወራ ነበር። በየኩርባው አንድ አንድ ልብስ ታወልቃለች። ደባርቅ ስንነሣ ካፖርትና ሹራብና ሻርፕ ነበረች፤ ዛሪማ ስንደርስ ስስ ሸሚዝና የወንድ ቦት ጫማ ብቻ ትሆናለች። እኔ ጋቢዬን አልፈታም።

«ጋሼ፣ በዚህ ሐሩር ምን ይሁን ብለው ነው የሚታፈኑት?»

«ደገኛ መሆኔ እንዲታወቅ ነዋ።»

«ላብዎ እየነገረልዎት ነው።»

የዳባት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የትንኝን ነገር ተምራ፣ ሌላው ሰው ወደ ትልልቁ ከተማ ሲሮጥ እሷ ትንኟ ወዳለችበት ተመለሰች። ስሟን ያወጡላት አባቷ የሚመጣው ሳይታያቸው አልቀረም፤ መጓደድ ያምርባት ነበር። «ከእኔ በላይ ትንኝን የሚያውቅ ቢኖር ትንኝ ራሷ ናት» ትላለች፣ ሰው ፊት፣ ሳታፍር። የቆላው ሰው «የቢምቢ ሐኪም» ብሎ ሲጠራት ደግሞ ትቆጣለች፦ «ሐኪሟ ብሆን ኖሮ አድናት አልነበር? እኔ ጎረቤቷ ነኝ። መቼ እንደምትወጣ፣ መቼ እንደምትገባ የማውቅባት ክፉ ጎረቤቷ።»

ዛሬም ዓይኔ ላይ ያለው አንድ ነገሯ ነው። ቆላ ውለን ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ የጀመረችውን ወሬ ከመሐል ቆርጣ፣ ዓይኗን ከደን አድርጋ ሌባ ጣቷን ታነሣለች። ሁላችንም ዝም እንላለን። እኔ በደህናውም ጆሮዬ ምንም አልሰማም። እሷ «ሥራ ገባች» ትላለች። ጥቂት ቆይቶ አንዳችን እግራችንን በጥፊ እንመታለን።

አንድ ጊዜ ስለ ኑሮዋ ጠየቅኋት። ስለ ትንኟ ማለቴ ነው፤ የትጓደድን ኑሮ ጠይቄ አላውቅም፣ ብጠይቅም ስለ ትንኝ ነበር የምትመልስልኝ። «ቀን ቀን ጥግ ፈልጋ፣ ጥላ ውስጥ ተለጥፋ ትውላለች» አለችኝ። «ፀሐይ ስትጠልቅ ወንዶቹ ደጅ ተሰብስበው ይጨፍራሉ። ሴቶቹ ወደ ጭፈራው ይገባሉ። ሰርጉ አጭር ነው። ከዚያ ሴቷ ደም ፍለጋ ትሰማራለች።»

«ወንዱስ አይነክስም?»

«አይነክስም።»

«እንግዲያ ሥራው ምንድን ነው?»

«እንደ እርስዎ ነው ጋሼ። የአበባ ማር ይልሳል፣ ይጨፍራል፣ ያረጃል።»

ታዲያ በአንድ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጽጌ ሲገባ፣ ከዛሪማ ወረድ ብላ ያለች አንዲት መንደር ወባ ጠናባት። በየቤቱ አጎበር ተሰቅሏል፤ ግድግዳው ተረጭቷል፤ ንዳዱ ግን ቤት ለቤት ይዞራል፣ ይብሱንም በሕፃናት ላይ በረታ። ሕዝቡ ተስፋ ቆረጠና «አጎበሩ ውሸት ነው» አለ። አንዱ ቀዶ ገመድ ገመደበት። አንዲት ሴት ደግሞ ጫጩቶቿን ከጭልፊት ልትከልልበት አጥር ላይ ዘርግታው ደረስን። ትጓደድ ቆማ አየችና «ይሁን፣ ጫጩቶቹስ ወባ አይዛቸውም» ብላ አለፈች። ከፊቷ ያየሁት ግን ሳቅ አልነበረም።

ሌላው ባለሙያ ሁሉ «አጎበር ውስጥ ትተኛላችሁ ወይ?» ብሎ ነበር የሚጠይቀው። እሷ «ፀሐይ ስትጠልቅ የት ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ ከየቤቱ አንድ ሆነ፦ «ሠርክ ጉባኤ ነና! ቤተ ክርስቲያን ግቢ።»

እንዲህ ነው ነገሩ። በጽጌ ወራት በየምሽቱ ጉባኤ ይደረጋል። አገሩ እሳት ስለሆነ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ፀሐይ ስትበርድ ነው። እናቶች ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌው እግሩን ዘርግቶ፣ ከግቢው ዋርካ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው ሳሩ ላይ ጤዛ እስኪወርድ ቃለ እግዚአብሔር ይሰማሉ። ከዚያ ቤታቸው ሄደው አጎበር ውስጥ ይገባሉ፣ ከተነከሱ በኋላ።

ይህን በዓይኗ ልታረጋግጥ ፈለገች። እኔና እሷ ከግቢው ዳር ተቀምጠን፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ እግሬን ለመንግሥት ሥራ አዋልኩ። ትንኟ ቅልጥሜ ላይ ስታርፍ፣ አፏን ሳታስገባ፣ ትጓደድ በባትሪ እያበራች በመምጠጫ ቱቦ ትለቅማታለች። በዚያ ዕድሜዬ እግሬን ብላ ከሩቅ የምትመጣ እንስት ፍጥረት አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለባለቤቴ ብነግራት «ጨለማ ስለሆነ ነው» አለችኝ።

የትጓደድ ግምት ልክ ሆነ። ትንኞቹ የሚጎርፉት ሰባኪው ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት ሰዓት ነበር። ሕዝቡ ተኝቶ ሲያንኮራፋ ብዙዎቹ ትንኞች ጠግበው ገብተዋል።

መሪጌታ አድማሱን ያገኘናቸው በማግሥቱ ነው። የደብሩ መሪጌታና የጉባኤው አዛዥ ናቸው፤ ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ መቋሚያቸውን መሬት ላይ የሚያሽከረክሩ ሰው። የልጃቸው ልጅ፣ አንዲት ፍልቅልቅ ያለች ሕፃን፣ በንዳድ ተይዛ ከጤና ጣቢያ ገና መውጣቷ ነበር። እጃቸውን ይዛ ቆማለች፤ አንገቷ የሰንበሌጥ አገዳ አክሏል።

«መሪጌታ፣ ጉባኤው ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቀቅ» አለች ትጓደድ።

«ልጄ፣ በቀኑ እዚህ ግቢ ድንጋዩ ሥጋ ይጠብሳል። ሰው ከማሳ ውሎ፣ ላቡን ጠርጎ፣ ነፋስ ሲያገኘው ነው ልቡ የሚሰማ።»

«የዚህችም እግር ይነከሳል» አለች፣ ወደ ሕፃኗ እያየች።

መሪጌታ ሕፃኗን አዩ። መቋሚያቸው ዞረ። «ቢምቢዋ የምትመጣው በጨለማው ነው፤ አይደለም?»

«በሰዓቷ ነው።»

«ያው ነው። ሲጨልም ታያለች፣ ትመጣለች። ካልጨለመ አትመጣም። የአገራችን ልጆች ከከተማ የፀሐይ መብራት ልከውልናል። ግቢውን በሙሉ እናበራዋለን፤ ቀን ይመስላታል።»

«አይመስላትም መሪጌታ። ሰዓቷ ውስጧ ነው። መብራቱ ለጥቂት ጊዜ ያሳፍራት ይሆናል እንጂ ሰዓቷን አያስረሳትም። ከብርሃኑ ዳር ጥላው ውስጥ ቆማ ትጠብቃችኋለች። ስትወጡ እስከ ቤት ትሸኛችኋለች።»

በዚህ መሐል ሐጂ ኑሩ መጡ። ሱቃቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት ለፊት ነው፤ ከመሪጌታ ጋር አብሮ አደግ ናቸው፤ እነሱ ባሉበት ወሬ አይደርቅም።

«ቢምቢ ሰዓት አላት ነው የምትይን?» አሉ ሐጂ። «በየትኛው እግሯ ነው የምታስረው? ስድስት እግር አላት ይላሉ።»

ዙሪያችንን የከበበው ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ደመወዜን ከማን ጋር እንደምበላ ረስቼ።

ትጓደድ «ሐጂ፣ የእርስዎ አውራ ዶሮ ለሱብሒ የሚቀሰቅስዎት በየትኛው እግሩ አስሮ ነው?» አለቻቸው።

ሳቁ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂም ራሳቸው ሳቁና ቆባቸውን አስተካከሉ። መሪጌታ ግን አልሳቁም። «ነገር በሳቅ አይታለፍም» አሉ። «አሳዪኝ። ብርሃንና ጨለማ ሳታይ ሰዓቷን እንደምታውቅ ካሳየሽኝ፣ የጉባኤውን ሰዓት እቀይራለሁ። ካላሳየሽኝ መብራቱ ይሰቀላል፣ አንቺም ስለ ጉባኤያችን ሁለተኛ አታነሺም።»

«ቅዳሜ» አለች ትጓደድ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ።

ሊማሊሞን ስንወጣ እኔ ነኝ የተጨነቅሁት። መብራቱ ከተሰቀለ ሕዝቡ ዳንን ብሎ እስከ እኩለ ሌሊት ደጅ ሊቀመጥ ነው። «ብታፍሪስ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ሰው አሳፍሮኝ ያውቃል። ትንኝ አሳፍራኝ አታውቅም።»

ደባርቅ ከቢሯችን ጀርባ መስኮት የሌላት አንዲት ክፍል ነበረቻት። በዚያ ብርድ ትንኝ ማርባት ማለት ራስ ዳሽን አናት ላይ ሙዝ እንደ መትከል ነው። እሷ ግን ስንጥቁን ሁሉ ደፍና፣ ጡብ በማሞቂያ እያጋለች፣ በሳፋ ውኃ የትንኝ እጭ ታሳድጋለች። ክፍሏ ፀሐይ አታውቅም፤ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ናት ፀሐይዋ። ትንኞቹ እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸውና ወባ የለባቸውም። ከእነሱ መርጣ፣ ውስጡ ጥቁር ቀለም በተቀባ የእንጨት ሳጥን ከተተቻቸው። በጎኑ በስስ ሻሽ፣ በላዩም በወፍራም ጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ጆሮ ማስጠጊያ ቀዳዳ አበጀችለት። ዓርብ ማለዳ ዘጋችው፣ ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላዩም።

ቅዳሜ ማታ ግቢው ሞላ። ሳጥኑ ከዋርካው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ትጓደድ እንደ ሙሽራ ሚዜ እየተንጎራደደች አስረዳች፦ «ከትናንት ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ናቸው። ቀን ይሁን ማታ የነገራቸው የለም። አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ክንፋቸውን ትሰማላችሁ።»

ፀሐይ ጠለቀች። መሪጌታ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ምንም የለም» አሉ።

«ጥቂት ይታገሡ።»

ታገሡ። እንደገና አስጠጉ። «ልጄ፣ ምንም የለም።»

ሐጂ ኑሩ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ሰዓቷ ቆማለች! ባትሪ ቀይሩላት!» አሉ። ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ደግነቱ ሰው እየሳቀ እግሩን በጥፊ ይመታ ነበር፤ ከሳጥኑ ውጭ ያሉት ትንኞች ሰዓታቸውን አልሳቱም። ይህን ልብ ያለው ግን የለም፤ ሁሉም ሳጥኑን ነው የሚያየው።

አንጀቴ አልቻለም። ዘው ብዬ ገባሁና ጆሮዬን ቀዳዳው ላይ ደፍቼ «እሰማለሁ!» አልኩ። «እንዲያውም እንደ በገና ነው!»

«ጋሼ፣ በየትኛው ጆሮዎ ነው የሰሙት?» አለች ትጓደድ።

ጆሮዬን ነካሁት። ጡረተኛው ነበር።

ሕዝቡ የሳቀው ሳቅ ዛሬም በደህናው ጆሮዬ ይሰማኛል። እሷ አልሳቀችም። «አይዋሹልኝ» አለችኝ፣ ሰው እየሰማ። «ዝም ብለዋል። ዝም ካሉ ምክንያት አላቸው።» ሄዳ ከዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ ሙቀቱ ነው፣ የመንገዱ መንገላታት ነው፣ ሰው ስለ ጮኸ ነው ይል ነበር። እሷ አገጯን ይዛ ሳጥኑን ታያለች። ስትጓደድ እንጂ እንዲህ ስትቀመጥ አይቻት ስለማላውቅ አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ።

ድንገት ቀና አለች። «ጋሼ፣ በእኛ ሰፈር መብራት የሚመጣው መቼ ነው?»

«የት?»

«ደባርቅ! ፈረቃው!»

«ያው ማታ ነዋ» አልኳት። «ሌሊቱን በርቶ ያድርና ጠዋት ሁለት ሰዓት ግድም ይሄዳል። ቀንማ መብራት ካየን ሰነበትን፤ ባለቤቴ...»

ባለቤቴ የምትለውን አላስጨረሰችኝም። ሳቀች። ከሆዷ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቆላ ስትወጣ ስትወርድ ሰንብታ፣ ደባርቅ ስትገባ ሁልጊዜ ማታ ስለነበር መብራቱን እንደበራ ነው የምታገኘው። የክፍሏ ፀሐይ ቀን እንደምትጠፋ ልብ ሳትለው ቀርታለች።

አግዳሚው ላይ ወጥታ ቆመች። «ስሙኝ! ስህተቱ የእኔ ነው፤ የእነሱ አይደለም። እኔ ቤት ፀሐያቸው አምፖል ናት። አምፖሏ ሰሞኑን ማታ በርታ ጠዋት ነው የምትጠፋው። ስለዚህ የእኛ ሌሊት ለእነሱ ቀን ነው፤ አሁን ነግቶላቸዋል፣ ጥግ ይዘው ተኝተዋል። ጀንበራቸው የምትጠልቀው ደባርቅ ላይ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ነው። ነገ ቅዳሴ ስትወጡ፣ እናንተ በጠራራ ፀሐይ ቆማችሁ፣ እነሱ ጨለማ ውስጥ እንዳሉ ይነሣሉ።»

ከኋላ አንዱ «አሁን ደግሞ መብራት ጠፋብኝ ተባለ!» አለ።

መሪጌታ እጃቸውን አነሡና ዝም አሰኙት። «ማታ ይነሣሉ አልሽ፤ አልተነሡም። ጠዋት ብትይኝ ምን ይዤ ልመንሽ?»

«አይመኑኝ። ሳጥኑን እርስዎ ወስደው ይቆልፉበት።»

ወሰዱት። መስኮት ከሌላት የዘበኛ ክፍል አስቀምጠው ቆለፉና ቁልፉን ከአንገታቸው ማተብ ጋር አሰሩት። ሰው ሲበተን ትጓደድን ጎተት አደረግኳት። «ምን አስቸኮለሽ? ሌላ ሳምንት ጠይቂ። መብራቱን አስተካክለሽ፣ ደህናዎቹን ይዘሽ ነይ። ነገ ደግሞ ዝም ቢሉ አለቀልሽ።»

«አንድ ሳምንት ሙሉ ልጆቹ እዚህ ሲነከሱ ይክረሙ?» አለችኝ።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ፀሐዩ ገና ከጠዋቱ ዓይን ይወጋ ነበር። ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ሳጥኑን ከበበ። ሐጂ ኑሩ ሱቃቸውን ክፍት ትተው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። መሪጌታ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው፣ ሳጥኑን ራሳቸው ተሸክመው አመጡ። ጥቁሩን ጨርቅ በራሳቸው ላይ ተከናንበው አስጠጉ።

ምንም።

ከጨርቁ ሥር ወጡና ትጓደድን አዩዋት። እሷ አላየቻቸውም። ፀሐይ ላይ ቆማ፣ እጇን ወደኋላ አጣምራ ትጠብቃለች። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። እኔ በሆዴ ለሚካኤል ዝክር ተሳልኩ፤ መላእክት በትንኝ ጉዳይ ይገቡ አይገቡ አላውቅም፣ ግን ተሳልኩ። አንዲት አሮጊት «ወይ ልጄን፣ መቃጠሏ ነው» አሉ። ይህኔ ትጓደድ ዓይኗን ከደን አደረገች፣ ሌባ ጣቷም ተነሣች።

«ሥራ ገቡ» አለች።

መሪጌታ እንደገና ተከናነቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወጥቶ ወደቀ፤ አላነሡትም። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ይዘምራሉ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ሰልፍ ሆነ። የልጃቸው ልጅ ከሁሉ ቀድማ ገባችና «አባባ፣ ጠዋት ነው እኮ! አላወቁም?» ብላ ጮኸች።

«አውቀዋል ልጄ። የራሳቸውን ሰዓት ነው ያወቁ።» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኔን ለማኅሌት የሚቀሰቅሰኝ የለም። ጨረቃ ትኑር አትኑር፣ ክረምት ይሁን በጋ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ዓይኔ ይገለጣል። አንድ ጊዜ ጎንደር ለንግሥ ሄጄ ሌሊቱን በሙሉ መብራት ከማይጠፋበት ቤት አሳደሩኝ። ቀን መሰለኝ እንዴ? በሰዓቴ ነቃሁ። ይህችን ደግሞ በመብራት ላታልላት ነበር።» መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡና ቀጠሉ፦ «ሠርክ በመጻሕፍቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሙቀት ፈርተን ወደ ጨለማ የገፋነው እኛ ነን። ከነገ ጀምሮ በዐሥር ሰዓት ይገባል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቀቃል። መብራቱ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ይሰቀል።»

ሐጂ ኑሩም ተራቸውን ጠብቀው ሰሙ። «ባትሪዋ ደህና ነው» አሉ፣ ቆባቸውን እያስተካከሉ። ከዚያ ቆጣ ብለው «የእኛን መግሪብ ግን ልታዛውሪ እንዳታስቢ! እሱ ከፀሐይ ጋር የታሰረ ነው» አሏት።

«የሶላትን ሰዓት ማን ይነካል ሐጂ? ከሶላት በኋላ ሱቅዎ በር ላይ ተቀምጣችሁ የምታወሯትን ወሬ ነው ወደ ውስጥ አግቡልኝ የምለው።»

«ወሬውማ ከገባ ማን ይሰማዋል?» አሉ። ግን አገቡት።

ወባ በዚያ ከአገሩ ጠፋ ብዬ አልዋሽም፤ በውሸት አንዴ ተይዤአለሁ። አጎበሩ ግን ከጫጩት ላይ ተነሥቶ ወደ አልጋ ተመለሰ፤ ያቺም ሕፃን ያን ጽጌ ዳግመኛ አልታመመችም።

የመጀመሪያውን ጉባኤ ልንገራችሁና ይብቃኝ። ሰኞ በዐሥር ሰዓት ዋርካው ራሱ ላብ ያልበው ይመስል ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ «ቢምቢ ካልበላን ፀሐይ ይብላን ማለታቸው ነው» ያለም ነበር። ትጓደድ ከሁሉ ቀድማ መጥታ፣ ጥላው ከማይደርስበት፣ ከሚያቃጥለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሸሚዟ ከጀርባዋ ተጣበቀ፤ ንቅንቅ አላለችም። እሷን ያየ ማማረር አፈረ። እኔ ያኔ ጋቢዬን ፈታሁ፤ ለምስክር ያህል። ሰባኪውም ሙቀቱ ሳያስተምረው አልቀረም፣ ስብከቱን አሳጠረ፤ ይህን እንደ ሁለተኛ ተአምር የቆጠሩ ነበሩ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሄዱ። በየቤቱ እራት ውስጥ ቀረበ፣ በሩ ተዘጋ። የሐጂ ኑሩ አግዳሚ እንኳ ከደጅ ተነሥቷል። «እንሂድ እንጂ» አልኳት። «ይቆዩ» አለችና መኪናው ውስጥ ገብታ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። እኔም ገባሁ። በዚያ ሙቀት፣ መስኮት ዘግተን፣ ባዶውን ግቢ ስናይ ተቀመጥን።

ፀሐይ ጠለቀች። ዋርካው ጠቆረ። ጥቂት ቆይቶ በመስተዋቱ ላይ አንዲት ትንኝ አረፈች፤ ከዚያ ሌላ። ትጓደድ በመስተዋቱ የትንኟን ሆድ፣ ቀጭን እግሯን፣ አፏን አየች፤ ከዚያ ሰው የሌለበትን ግቢ አየች።

«በሰዓቷ መጣች» አለች።

«ሰው የለም» አልኩ።

«የለም።» ወደ ኋላ ተደገፈችና ቦት ጫማዋን ፈታች። «ይንዱት ጋሼ። ትጠብቅ።»